ዋንዛ ወይስ ወይራ? ሐረርና ድሬዳዋ ላለ ቤት ሠሪና ችግኝ ተካይ

የእህቴ ልጅ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤት ሠርቶ እየጨረሰ ነው። ሐረር አጠገብ ደግሞ ከአባቱ የወረሳት ትንሽ ማሳ አለችው። ባለፈው ደወለና «አክስቴ፣ በሩንና አልጋውን በዋንዛ ላሠራ ወይስ በወይራ? ማሳው ላይስ የቱን ልትከል?» አለኝ። አናጺው አንድ ነገር ነግሮታል። ችግኝ የሚሸጠው ሰው ሌላ ነግሮታል። የማሳው ጎረቤቶች ሁለቱንም ትተህ ባህር ዛፍ ትከል ብለውታል። በስልክ የመለስኩለት አልበቃ አለኝና ይኸው ረጋ ብዬ ጻፍኩት። ተመሳሳይ ጥያቄ ያለበት ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ዋጋ እዚህ ውስጥ አታገኙም። የእንጨት ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል። ሦስት ቦታ ጠይቃችሁ ማወዳደሩ ይሻላል።

ሁለቱም እኛ ጋ እየሳሱ ነው

ዋንዛ በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ ወይራ ደግሞ ኤጀርሳ ይባላሉ። ከሐረር በስተምሥራቅ ያለችውን ኤጀርሳ ጎሮን የማያውቅ የለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. የተወለዱባት ናት። ስሟ ውስጥ ወይራ አለ። ሰው ቦታን በዛፍ የሚጠራው ዛፉ ዓይን ሲሞላ ነው። ዛሬ በዚያ አካባቢ ስትሄዱ ዓይን የሚሞላው ጫት ነው።

ሁለቱም ከዓለም አልጠፉም። ዋንዛ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ የመንንና ሳዑዲ ዓረቢያንም ጨምሮ ይበቅላል። የእኛው ወይራ ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ በዓረብ ምድር አልፎ ፓኪስታንና ቻይና ድረስ ይደርሳል። እያለቁ ያሉት እኛ ጋ፣ በዓይናችን ፊት ነው። ዋንዛ ለጣውላ ይቆረጣል። ወይራ ለማገዶና ለከሰል ይቆረጣል። የሁለቱም ቦታ በእርሻ ይያዛል።

ሕጉ እኩል አላያቸውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተተክቷል፤ በ1999 በቁጥር 542፣ በ2010 ደግሞ በቁጥር 1065። ወይራ በዚያ የአራት ዛፎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እኔን ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቶሎ የማይተካው እሱ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

«የትኛው እንጨት ይሻላል?» ብሎ መጀመር አያዋጣም። ወይራ ይጠነክራል፤ ያ ግን ለአልጋ ይሻላል ማለት አይደለም። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ለምን ሥራ ነው የፈለጋችሁት? ቦታው ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው፣ ውሃስ አለው? ስንት ዓመት መጠበቅ ትችላላችሁ? ሠራተኛው እንጨቱን ለመሥራት ምን ያህል ይደክማል? የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ የፈለጋችሁትን ነገር ዛፉን ሳትገድሉ ማግኘት ትችላላችሁ?

ዋንዛ

ዋንዛ የዋህ እንጨት ነው። መጋዝ በደንብ ይበላዋል፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ምስማር ሲመታ ቶሎ አይሰነጠቅም። ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም። የእንጨቱ ልብ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ቫርኒሽ ሲያገኝ ደግሞ ያበራል። ቀላል ነው፤ ከደረቀ በኋላ አንድ ኪዩቢክ ሜትሩ ግማሽ ቶን አካባቢ ነው። ለዚህ ነው የቤተ ክርስቲያን ከበሮ፣ ሙቀጫ፣ የንብ ቀፎና የቤት ዕቃ የሚሠራበት። ለቁም ሳጥን፣ ለአልጋ፣ ለጠረጴዛ፣ ለውስጥ በርና ለመስኮት ከአገር በቀሎቹ ውስጥ ከእሱ የሚመች ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ዳርና ዳር ያለው ነጩ የእንጨቱ ክፍል ነቀዝ ይወዳዋል። ልቡ ምስጥን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ነጩ አይቋቋምም። ሻጩ «ዋንዛ ነው» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን ግማሹ ነጭ ከሆነ ግማሽ ዋንዛ ገዛችሁ ማለት ነው። ጣውላውን አገላብጡት። ቀለም ወይም ማቅለሚያ ተቀብቶ ከሆነ በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ግራቪሊያን አቅልሞ በዋንዛ ስም የሚሸጥም አለ።

ሁለተኛው ድርቀት ነው። ይህ እኔው ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት ሐረር በክረምት ያሠራሁትን የዋንዛ በር ድሬዳዋ አወረድኩት። እንጨቱ ገና እርጥብ እንደነበር ማንም አልነገረኝም። ጥር ሳይደርስ በጣውላዎቹ መሃል ብርሃን ያሳይ ጀመር። ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። አየሩ ፈጽሞ ይለያያል። ስለዚህ ዕቃው ድሬ የሚቀመጥ ከሆነ ጣውላው ከመጋጠሙ በፊት እዚያው ድሬ፣ ጥላ ውስጥ፣ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ይቆይ። እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች በእጃችሁ መዝኑ። አንዱ በግልጽ ከከበደ አልደረቀም ማለት ነው።

ዛፉ ማሳ ውስጥ ጥሩ ጎረቤት ነው። የሐረርጌ ገበሬ በማሽላና በበቆሎ መሃል ዋንዛ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ከሥሩ ያለውን አፈር ያዳብራል። ለቡናም ጥላ ይሆናል። ነጭ አበባው ሲፈነዳ ንብ ይግተለተልበታል። ቢጫዋን ፍሬ ልጆች ይመጧታል፤ ጣፋጭና እንደ ሙጫ የምትጣበቅ ናት። ጥላው ከከበደ ቅርንጫፉን መከርከም ነው፣ ይችለዋል።

እድገቱም ለትዕግሥታችን ይቀርባል። ጥሩ አፈርና ዝናብ ባለበት በ7 ዓመት 7 እና 8 ሜትር ይደርሳል። ጥላውንና ንቡን ቶሎ ታገኛላችሁ። ጣውላ የሚወጣው ወፍራም ግንድ ግን ሁለትና ሦስት አሥርት ዓመት ይፈልጋል። ለልጅ የሚተከል ነው።

ወይራ

ወይራ ሌላ ዓለም ነው። በጣም ጠንካራና ከባድ ነው፤ የደረቀው ልቡ ክብደት ከውሃ ጋር ይቀራረባል። ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ጥቁር መስመሮች ይሄዱበታል። ላየው ሰው ውበቱ ልብ ይሰርቃል። ምስጥ አይደፍረውም። መሬት ውስጥ የተቀበረ የአጥር ቋሚ ሆኖ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው በሬን በወይራ ላሠራው» ይላል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የወይራ ግንድ ብዙ ጊዜ አጭር፣ ጠማማና ጉብጉብ ያለ ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ ጣውላ በቀላሉ አይወጣውም። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጫፍና ጫፉ በሰም ወይም በቀለም ተደፍኖ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ትልቁ ክፍል ይበላሻል። የመሣሪያን ስለት ቶሎ ያዶለድማል። ምስማር ያጎብጣል፤ በመሰርሰሪያ ቀድሞ መብሳት ግድ ነው። አናጺ ከሁለት እጥፍ በላይ ድካም ቢያስከፍላችሁ አይፈረድበትም። ደግሞ የወይራ በር ለማንሳት ራሱ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ወይራ የሚያምርበት ትንሽ ነገር ላይ ነው። የመጥረቢያና የዶማ እጀታ፣ ዘነዘና፣ ዱላ፣ ማንኪያ፣ መፋቂያ። የጠላ እንስራ የሚታጠነው በእሱ ነው። ድሬዳዋ የሚገባውን የግመል ወተት ያንን የጢስ ጣዕም የሚሰጠው፣ ወተቱንም ከመበላሸት የሚያቆየው፣ ዕቃው በወይራ ጢስ ስለሚታጠን ነው። እነዚህን ሁሉ አስተውሉልኝ። አንዳቸውም ግንድ አይጠይቁም። ሁሉም ከቅርንጫፍ ይገኛሉ፤ ወይራ ደግሞ በአግባቡ ሲከረከም መልሶ ያቆጠቁጣል።

እና ለምን ያልቃል? በከሰል ነው። ከባድ እንጨት ከባድ ከሰል ይሰጣል፤ እሳቱ ይቆያል፣ አመዱ ያንሳል። ገዢም ይህን ያውቃል። መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ በአንድ ሳምንት ቡና ማፍያ ሆኖ ሲያልቅ ማየት ያማል። ከሰል ስትገዙ ፍሙ ሲጋጭ እንደ ብረት የሚጮኸውን፣ ለመጠኑ የሚከብደውን «ምርጥ» ከሰል ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በድሬዳዋ ዙሪያ የግጦሽ መሬቱን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል። የሚቃጠል ካለ እሱ ይቃጠል።

እድገቱ በጣም ዝግ ያለ ነው። ዛሬ የተተከለ ወይራ ዓይን የሚሞላው የልጅ ልጅ ሲመጣ ነው። አንዴ ሥር ከያዘ ግን ድርቅን ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ዋንዛ የማይሞክረውን ቦታ ይይዛል። በአገራችን ትልልቅ ወይራ ተርፎ የምናየው ብዙውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በመቃብር ቦታ ነው። ሰው ያከበረው ቦታ ላይ ዛፉም ይኖራል።

የት ይተከል?

ከፍታው ብዙውን ይወስናል። ዋንዛ ከ550 ሜትር ጀምሮ እስከ 2,600 አካባቢ ይበቅላል፤ ነገር ግን ውሃ ይወዳል፣ በዓመት 700 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ዝናብ ሲያገኝ ነው የሚደላው። ወይራ ከ1,250 እስከ 3,100 ሜትር ይሄዳል፤ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብም ያኖረዋል።

ስለዚህ ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ፣ ለምሳሌ ሳቢያን ወይም ከዚራ ግቢ ያለው ሰው፣ ውሃ የሚያጠጣ ከሆነ ዋንዛን መሞከር ይችላል። ወይራ ለከተማው ሙቀት ጠርዝ ላይ ነው፤ አልመክረውም። ውሃ ከሌላችሁ ኒም ትከሉና ተገላገሉ። ሐረር፣ ሐሮማያ፣ ቀርሳ፣ ኮምቦልቻ ያለው ሰው ሁለቱንም ይችላል። ለም መሬቱ፣ የማሳው ዳርና የውሃ መውረጃው ለዋንዛ፤ ድንጋያማው ጉብታ ለወይራ።

ከደንገጎ ወደ ታች ያለውን ተዳፋት ለብቻው ላንሳው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት ውሃው የወረደው ከላይ ከደጋው ነው። የተራቆተ ዳገት ዝናብ አይዝም። እዚያ ዳገት ላይ መሬት ያለው ሰው ጣውላን ሳይሆን ሥርን ያስብ። እዚያ ያለ ጥርጥር ወይራ ነው፤ ከብትና ፍየል ከልክሎ፣ ከሌላ አገር በቀል ቁጥቋጦ ጋር።

ዘሩን በተመለከተ፣ የዋንዛ ፍሬ በስሎ ሲወድቅ ለቅማችሁ ሙጫውን እጠቡና አድርቁት። ሲዘራ አበቃቀሉ ወጣ ገባ ነው፤ ሁለት ወር ሊያስጠብቃችሁ ስለሚችል ተስፋ ቆርጣችሁ መደቡን አትገልብጡ። የወይራ ፍሬ ደግሞ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት አለው። በፒንሳ ቀስ ብሎ ሰንጠቅ ካልተደረገ ብዙው ተኝቶ ይቀራል። ውስጡን እንዳትጨፈልቁት ብቻ። ሁለቱም ክረምቱ ሲጠና ይተከላሉ፤ ሁለቱንም ፍየል ይወዳቸዋል። ያለ አጥር የተተከለ ችግኝ ለፍየል የተገዛ መኖ ነው። ዋንዛን ከቤት ግድግዳ 8 ሜትር ያህል አርቁት፤ ዘውዱ ይሰፋል፣ ቅጠሉም አሸንዳ ይደፍናል።

በአጭሩ ጎን ለጎን

| መመዘኛ | ዋንዛ | ወይራ |
|---|---|---|
| ክብደት | ቀላል | በጣም ከባድ |
| ለአናጺ | ይመቻል | ያስቸግራል፣ ስለት ይጨርሳል |
| ሲደርቅ | ብዙ አይጣመምም | በቀላሉ ይሰነጠቃል |
| ምስጥና ነቀዝ | ልቡ በመጠኑ ይችላል፣ ነጩ አይችልም | ልቡ በደንብ ይቋቋማል |
| የሚስማማው ሥራ | አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የውስጥ በር፣ ቀፎ | እጀታ፣ ዘነዘና፣ ዱላ፣ የጢስ እንጨት |
| እድገት | መካከለኛ፣ መጀመሪያ ላይ ፈጣን | በጣም ዝግ ያለ |
| ከፍታ | ከ550 እስከ 2,600 ሜትር | ከ1,250 እስከ 3,100 ሜትር |
| ውሃ | ይፈልጋል | ድርቅ ይችላል |
| ዛፉ ሳይቆረጥ የሚገኝ | ጥላ፣ ማር፣ ፍሬ፣ የአፈር ልማት | እጀታ፣ ጢስ፣ መፋቂያ፣ ተዳፋት መያዝ |

ታዲያ ማን የቱን ይውሰድ?

እኔ የያዝኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ ወይራን በቅርንጫፍ፣ ዋንዛን በግንድ። የወይራን ጥቅም አብዛኛውን ዛፉ ቆሞ ታገኙታላችሁ። የዋንዛ ጣውላ ግን ግንዱ ካልተቆረጠ አይገኝም፤ ስለዚህ ጥያቄው ግንዱ ከየት መጣ የሚለው ነው።

የቤት ዕቃ የምታሠሩና አቅም ያላችሁ፣ ዋንዛ ግዙ፤ ነገር ግን ከገበሬ ማሳ የተቆረጠና ወረቀት ያለው ይሁን። ሻጩን የማጓጓዣ ፈቃዱን አሳየኝ በሉት። ወረቀቱን ማሳየት ካልፈለገ ሌላ ቦታ ሂዱ። ከተቻለ ገበሬውን ራሱን አግኙትና ለቆረጠው ምትክ እንዲተክል ተስማሙ። የችግኙን ዋጋ እናንተ ብትችሉለት ከጣውላው ዋጋ ጋር ሲታይ ምንም አይደለም።

በጀታችሁ መካከለኛ ከሆነ ሁሉንም ነገር በዋንዛ አታድርጉት። የሚታየውን ፊት፣ የአልጋውን ራስጌና የቁም ሳጥኑን መዝጊያ በዋንዛ፣ ጀርባውንና ውስጡን በኮምፔንሳቶ ወይም በኤምዲኤፍ አሠሩ። ዕቃው ያምራል፣ የሚፈልገውም እንጨት ያንሳል።

ገንዘብ ካጠረ ደግሞ አሮጌ እንጨት ፈልጉ። ሐረር ውስጥም ድሬ ውስጥም ቤት ይፈርሳል። ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ወይም ሳንቃ ለብዙ ዓመት ደርቋል፤ ከእንግዲህ አይጣመምም። ምስማሩን ነቅሎ መላግ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍበት ጠረጴዛ ከእንዲህ ያለ ሳንቃ የተሠራ ነው፤ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ለጣሪያና ለአጥር ወይራ የሚያስቆርጥ ምንም ምክንያት የለም። ባህር ዛፍ በቂ ነው። የማሳው ጎረቤቶች ባህር ዛፍ ያሉት ለዚህ ከሆነ ትክክል ናቸው። ለማሳ መሃል ግን አይሆንም፤ ውሃውን ይሻማል፣ ከሥሩም ማሽላ አይወፍርም።

እጀታና የጢስ እንጨት ለሚፈልግ፣ የተከረከመ የወይራ ቅርንጫፍ ግዙ። ግንድ ተፈልጦ የቀረበውን ተዉት። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ቅርንጫፍ ድቡልቡልና ቅርፊቱ ዙሪያውን ያለ ነው፣ የተፈለጠ ግንድ ደግሞ ባለ ማዕዘን ነው።

ማሳ ያላችሁ ሁለቱንም ትከሉ፣ ግን እኩል አይደለም። ሦስትና አራት ዋንዛ ለአንድ ትንሽ ማሳ ይበቃል፤ ከበዛ ጥላው እህሉን ይጎዳል። ወይራውን በወሰንና በድንጋዩ ላይ በተቻለ መጠን አብዙት። አይቸኩልም፣ ቦታም አይሻማም።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የሳሎኑን በር ከፈረሰ ቤት በወጣ ዋንዛ አሠራው። አልጋውን በአዲስ ዋንዛ አዟል፤ ጣውላው አሁን ሳቢያን፣ ሳሎኑ ውስጥ ተደርድሮ እየደረቀ ነው። ማሳው ላይ አራት የዋንዛ ችግኝ ውሃ መውረጃው ዳር ተተክሏል። ለወይራው ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ጉድጓድ ስንቆፍር ዋልን። ችግኙ ከመምጣቱ በፊት ለአጥሩ እሾህ መሰብሰብ ይቀረናል።